ጠረጴዛ ላይ ልክ የነበረው ሴንሰር እግር ላይ ለምን ይሳሳታል?

ውድ ጠያቂ፣ ከስትሮክ በኋላ የእግራቸውን ፊት ወደ ላይ ማንሣት ለተሳናቸው ሰዎች የሚሆን፣ ከጨርቅና ከኬብል የሚሠራ ለስላሳ ተለባሽ ሮቦት ለመሥራት መነሣትዎን ገልጸው ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው ከካርቦን፣ ከፈሳሽ ብረትና ከካፓሲቲቭ (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅሙ ሲለጠጥ የሚለወጥ) ተለጣጭ ሴንሰሮች፣ ማለትም ሲለጠጡ ንባባቸው ከሚለወጥ መለኪያዎች፣ የትኛው ይሻላል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ልክ የነበረው ሴንሰር ሰው እግር ላይ ሲታሰር ንባቡ ከቀን ወደ ቀን ለምን ይለዋወጣል የሚል ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ ከፊዚዮቴራፒስቶች ጋር ሆኖ እንዲህ ያለውን መሣሪያ በሚሠራ ቡድን ውስጥ፣ በሴንሰርና በማሰሪያ ሥራ ላይ አምስት ዓመት ያህል ቆይቻለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ ባስቀድም ይሻለኛል፤ የመጀመሪያው መልስ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነውና።

ተለጣጭ ሴንሰር የሚያውቀው በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ነው። ያን ርቀት ወደ ቁርጭምጭሚት ወይም ወደ ጉልበት አንግል የምንቀይረው እኛ ስንሆን፣ ስንቀይርም ጫፎቹ የታሰሩበት ቦታ ንቅንቅ አይልም ብለን ነው። ሰው እግር ላይ ግን ከማሰሪያው ሥር ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር ስብ፣ ከስቡ ሥር ደግሞ በየእርምጃው ቅርጹን የሚቀይር ጡንቻ አለ። ጠረጴዛ ላይ ጫፎቹን በብሎን አጥብቀን ስለምንሞክር ይህ ሁሉ አይታየንም።

አንድ ቀን የገጠመንን ልንገርዎ። ስትሮክ ካገኛቸው ስምንት ወር ያለፋቸው አንዲት እናት መሣሪያውን ለብሰው በአሥር ሜትር መተላለፊያ ላይ ይመላለሱ ነበር። ሴንሰሩ ከቅልጥም ማሰሪያ ተነሥቶ፣ በቁርጭምጭሚት ፊት አልፎ ጫማ ላይ የሚያርፍ ስለነበር የእግሩ ፊት ሲነሣ ያጥራል። ስክሪኑ ላይ የቁርጭምጭሚቱ መነሣት በየዙሩ እየተሻሻለ ሲሄድ እኛ ደስ ብሎን እንተያይ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ ግን ዓይኗን ከታካሚዋ ወገብ ሳታነሣ ቆይታ፣ «ዳሌያቸውን እያነሡ ነው የሚራመዱት፤ እግራቸውማ እየተጎተተ ነው» ብላ አስቆመቻቸው። ከልምምዱ በፊት በማሰሪያው ጠርዝ ዙሪያ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ አስምራ ኖሮ፣ ወንበር ላይ አስቀምጣ ስታሳየን ማሰሪያው ከመስመሩ ሁለት ጣት ያህል ወርዷል። የእግሩን ፊት ወደ ላይ የሚስበው ኬብል በዚያው ኃይል ማሰሪያውን ወደ ታች ይስበዋል፤ ማሰሪያው በወረደ ቁጥር ሴንሰሩ ያጥራል፤ ሴንሰሩ ሲያጥር ሮቦቱ እግሩ የተነሣ መስሎት ርዳታውን ይቀንሳል፤ ርዳታው ሲቀንስ ታካሚዋ በዳሌያቸው ያካክሳሉ። ሴንሰሩ እንከን አልነበረበትም፤ የማሰሪያውን መንሸራተት አንድም ሳያጓድል ለክቶልናል።

ስለዚህ ከሴንሰር ግዢ በፊት ኃይሉ በመጨረሻ የት አጥንት ላይ እንደሚያርፍ በወረቀት ላይ ይሳሉት። ከጨርቅና ከኬብል የተሠራ ለስላሳ ሮቦት መሳብ እንጂ መግፋት አይችልም፤ የተሳበ ነገር ሁሉ ደግሞ የሚንጠለጠልበት ይፈልጋል። የቅልጥሙ ማሰሪያ ከጉልበት ሥር፣ የባት ጡንቻ ከሚያብጥበት ቦታ በላይ ቢቀመጥ፣ ወደ ታች ሲሳብ እብጠቱ ላይ ይጠብቃል እንጂ አያልፍም። ይህ ብቻ ሳይበቃን ቀርቶ፣ በዳሌ አጥንት ላይ ከሚያርፍ ቀበቶ በጭን በኩል የሚወርድ የማይለጠጥ ጥብጣብ ጨመርን። ጥብጣቡ በጉልበት ፊት እንዲያልፍ ካደረጉት ግን ጉልበት በታጠፈ ቁጥር ይወጠራል፤ ጉልበቱ በሚታጠፍበት መሐል ላይ በጎንና በጎን ማሳለፍ ይህን ያቃልላል። ማሰሪያውን አጥብቆ ማሰር መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ፤ ስትሮክ ያገኘው እግር ስሜቱ ሊቀንስ ስለሚችል ቆዳው ሲላጥ እንኳ ታካሚው ላይናገር ይችላልና ይህን አልመክርም። መሣሪያው ከወለቀ በኋላ ቆዳውን በዓይንዎ ይዩ፤ መቅላቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ፣ ማሰሪያው እስኪስተካከል ድረስ ዳግመኛ አይልበሱት።

ወደ ሴንሰሮቹ ስመለስ፣ የተለመደው የብረት ስትሬይን ጌጅ (መለጠጥን የሚለካ ቀጭን የብረት መለኪያ) ከጥቂት በመቶ በላይ ሲለጠጥ ስለሚበጠስ፣ ጉልበት ላይ ያለው ቆዳ ደግሞ በአሥሮች በሚቆጠር በመቶ ስለሚለጠጥ፣ እርሱ ከመጀመሪያው ከምርጫ ውጭ ነው። ካርቦን የተቀላቀለበት ሲሊኮን ርካሽና ለመሥራት ቀላል ሲሆን፣ ብርቱ ሕመሙ ትዝታው ነው፦ አንድ ልክ ላይ ለጥጠው ቢይዙት እንኳ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመቋቋም ልኩ) ለደቂቃዎች እየተለወጠ ይቀጥላል፤ ሲለጠጥና ሲመለስም በአንድ ርዝመት ላይ ሁለት የተለያየ ንባብ ይሰጣል። እግር መሬት ረገጠ አልረገጠም ለማለት ይበቃል፤ አንግል ለመለካት ግን እኔ አላምነውም።

ፈሳሽ ብረት የሚባለው በአብዛኛው 75.5 በመቶ ጋሊየምና 24.5 በመቶ ኢንዲየም የሆነ ቅልቅል ነው፤ 15.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ ሰው ገላ ላይ ሁልጊዜ ፈሳሽ ነው። በሲሊኮን ውስጥ በቀጭን ቦይ ሲሞላ ሬዚስታንሱ ከመለጠጡ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ማለትም ርዝመቱ 1.3 እጥፍ ሲሆን ሬዚስታንሱ 1.69 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ትዝታው እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ስሜት ይማርካል። ነገር ግን ቦዩ አንዴ ከተሰነጠቀ ይፈስሳል፣ የነካውንም አሉሚኒየም ይበላል። የእኔ ምርጫ ካፓሲቲቭ ነው፦ 30 በመቶ ሲለጠጥ ካፓሲታንሱም (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) 30 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቀመሩ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ትዝታውም ትንሽ ነው። ችግሩ ላብና የሰው እጅ ናቸው፤ ፊዚዮቴራፒስቷ ታካሚውን ለመደገፍ እጇን ባቀረበች ቁጥር ንባቡ ሲዘል አይተናል። ከግራውንድ (ከሰርኪዩቱ ዜሮ ቮልት) ጋር የተገናኙ ሁለት የውጭ ንብርብሮች ጨምረን የሚለካውን ከመሐል ስናደርገው መዝለሉ ቆመ።

የትኛውንም ቢመርጡ የሚሰበረው ቦታ አንድ ነው፤ ለስላሳው ሲሊኮን ከጠንካራው ሽቦ ጋር የሚገናኝበት። ከተበላሹብን ሴንሰሮች አብዛኞቹ የሞቱት እዚያ ነው። ሽቦውን ከመገናኛው በፊት ዞር አድርገው ጨርቅ ላይ ይስፉት፤ መገናኛውንም ከለስላሳ ወደ ጠንካራ ደረጃ በደረጃ በሚጠነክር ሲሊኮን ይሸፍኑት፤ ያን ጊዜ መሳቡ መገናኛው ላይ ሳይደርስ ያልቃል።

ሮቦቱን በኬብል ወይስ በአየር ግፊት ማንቀሳቀስ ይሻላል በሚለው ላይ ብዙ አልልም። በአየር የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጡንቻ በ1950ዎቹ ጆሴፍ ማኪበን በፖሊዮ ለተጎዳችው ልጁ ካበጀው ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ለእጅ ጓንት ዛሬም ጥሩ ነው። ለእርምጃ ግን አየሩ እስኪሞላ የሚያልፈው ጊዜ ያሳስበኛል። ጤናማ ሰው ከአንድ ተረከዝ ምት እስከ ቀጣዩ የዚያው እግር ምት አንድ ሰከንድ ገደማ ሲፈጅበት፣ እግሩ አየር ላይ የሚቆየው ከዚህ 40 በመቶውን ነው፤ በዚያ መካከልም የእግር ጣት ከመሬት የሚርቀው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አንድ አሥረኛ ሰከንድ ማዘግየት ከዚህ ጊዜ ሩቡን መብላት ነው። ታካሚዎቻችን ቀስ ብለው ስለሚራመዱ ትንሽ ፋታ ይገኛል፤ እኔ ግን ኬብሉን እመርጣለሁ። ኬብል ከመረጡ ውጥረቱን ሞተሩ ዘንድ ሳይሆን እግሩ አጠገብ ይለኩ፤ በሽፋኑ ውስጥ ያለው ሰበቃ ኬብሉ በታጠፈ ቁጥር ስለሚለወጥ ሞተሩ የሚያውቀው ኃይልና እግሩ የሚያገኘው ኃይል አይመሳሰሉም። በተጨማሪም የተወጣጠረ የባት ጡንቻ ድንገት ሲሳብ በቁጣ ይመልሳል፤ መሳቡ ቀስ ብሎ ይጀምርና ይጨምር።

ምናልባት ተስፋ እንዳይቆርጡ አንድ ምሳሌ ልጨምር። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራማሪው የኮነር ዋልሽ ቡድን በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ስትሮክ ያገኛቸው ሰዎች ለስላሳውን ልብስ ለብሰው ሲራመዱ የተጎዳው ቁርጭምጭሚት መነሣት በ5 ዲግሪ ገደማ፣ የተጎዳው እግር ወደፊት የመግፋት አቅም በ11 በመቶ ጨምሯል፤ ለመራመድ የሚወጣው ጉልበት ደግሞ በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ከዚያ ሥራ የተወለደው ሪስቶር የተባለው መሣሪያ በ2019 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል። ልብ ይበሉ፣ ያ ልብስ የእርምጃውን ወቅት፣ ማለትም እግሩ መሬት ላይ ወይስ አየር ላይ መሆኑን፣ የሚለየው ጫማ ላይ በሚታሰር ጋይሮስኮፕ (የመዞር ፍጥነት መለኪያ)፣ ኃይሉን የሚቆጣጠረው በሎድ ሴል (የኃይል መለኪያ) ነበር። ተለጣጭ ሴንሰር ከሌለ ሮቦት አይኖርም የሚለውን ሐሳብ ለጊዜው ይተዉት፤ ለወቅት መለያ ጋይሮስኮፕ፣ ለመከታተያ ተለጣጭ ሴንሰር ቢያደርጉ ይቀልዎታል። እንዲህ ያለው ልብስ ክብደት ስለማይሸከም በራሱ መቆም ለማይችል ሰው እንደማይሆንም ከአሁኑ ይወቁት። ሌላው፣ ብዙዎች የሚረሱት፣ ስትሮክ ያገኘው ሰው ብዙ ጊዜ አንድ እጁም ደካማ መሆኑ ነው፤ ማሰሪያዎን አንድ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ለመልበስ ይሞክሩት፤ እኛ ስንሞክረው ስድስቱን መቆለፊያዎች ወደ ሁለት አወረድናቸው።

አሁን ላለብዎት የንባብ መለዋወጥ ነገ ሊያደርጉት የሚችሉት ይህ ነው። ሴንሰሩን ከማሰርዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሳይለጠጥ ያለውን ባዶ ንባብ ይመዝግቡ፤ ታካሚው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለም ንባቡን በልምምዱ መጀመሪያና መጨረሻ ይመዝግቡ፤ የማሰሪያውን ጠርዝ በእስክሪብቶ ያስምሩ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የቆሞ ንባብ ከተለያዩ ሴንሰሩን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አሥር ደቂቃ ያሳርፉትና እንደገና ያንብቡ። ከማሰርዎ በፊት ወደነበረው ባዶ ንባብ ከተመለሰና መስመሩ ከጠርዙ ከራቀ ጥፋቱ የማሰሪያው ነው። ከተመለሰና መስመሩም ካልራቀ ላብን ይጠርጥሩ፤ ቀስ እያለ የሚመለስ ከሆነ የሲሊኮኑ ትዝታ ነው፤ ጨርሶ ካልተመለሰ ደግሞ የሽቦውን መገናኛ በጣትዎ እያጠፉ ይሞክሩት። ውጤቱን እዚሁ ቢጽፉልን ከዚያ እንቀጥላለን።