«ሁሉም ሰላም ነው» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በጥበቃ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። በር ላይ ቆሜ ጀመርኩ፤ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጄ የገባው የቅሬታ ደብዳቤ ብዙ ነው። አብዛኛው ከአእምሮዬ ጠፍቷል። አንዷ ግን እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። ስለ እሷ የምጽፍላችሁ ከእናንተ መካከል ነገ የደንብ ልብስ የሚለብስ ስላለ ነው። ደንበኛ ሆኖ የሚበደልም አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው አቤቱታ የሚቀበልም አለ። የሦስቱንም ቦታ አውቀዋለሁ።

ደብዳቤዋ በእጅ የተጻፈች አንድ ገጽ ናት። የጻፉት በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። እኛ በምንጠብቀው ሕንፃ ሥር ባለው ፓርኪንግ መኪናቸውን አቁመው ወደ ጉዳያቸው ወጡ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሲመለሱ የጎን መስታወቱ ተሰባብሯል። ወንበሩ ላይ የተውት ቦርሳ የለም። እየተንቀጠቀጡ ወደ ጥበቃው ሄዱ። ልጁ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን ያያል። ነገሩን ነገሩት። አንዱን ጆሮውን ብቻ ነቀል አድርጎ «ካሜራ አለ፣ ነገ ይታያል» አላቸው። «አንተስ ምንም አላየህም?» ሲሉት «እሱ እኔን አይመለከተኝም» አለ። ከደብዳቤዋ አንድ መስመር በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «መስታወቱ ይተካል፤ ልጁ ግን ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።»

ስለ ደብዳቤዋ አጻጻፍ ትንሽ ልቆይ፤ ቅሬታ ማቅረብ ራሱ ሙያ ነውና። ሴትየዋ ተናደዋል፣ ግን ንዴታቸው እጃቸውን አላሳሳተውም። ቀኑን ጻፉ። ሰዓቱን ጻፉ። በየትኛው በር እንደገቡ፣ መኪናው ስንተኛው ምሰሶ አጠገብ እንደቆመ ጻፉ። የልጁን ስም አያውቁም፤ የደረቱን ባጅ ቁጥር ግን ይዘውታል። እሱ ያለውን ቃል በቃል አሰፈሩ፣ እሳቸው ያሉትንም እንደዚያው። ያላዩትን አልጨመሩም። «ከሌባው ጋር ተስማምቶ ይሆናል» የምትል ቃል እንኳን የለችበትም። የዚያን ቀን የካሜራ ቅጂ ሳይጠፋ እንዲቀመጥላቸውም ጠየቁ። ይህችን ልብ በሉ። ብዙ ካሜራ ቦታ ሲሞላበት የድሮውን እያጠፋ ነው አዲሱን የሚቀዳው። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ ቅሬታ ብዙ ጊዜ ማስረጃውን የሚያጣው ለዚህ ነው። እንግዲህ ስትበደሉ በዚያው ቀን ጻፉ። «ጥበቃዎቻችሁ ሁሉ የማይረቡ ናቸው» ብትሉ የሚያነበው ሰው ምን ያድርግበት? «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ በር፣ ይህንን አየሁ» ካላችሁት ግን ማምለጫ የለውም።

እኔም ማምለጫ አጣሁ። ደብዳቤዋ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰችኝ። ማታ ለማንም ሳልናገር ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ያው ልጅ ተረኛ ነው። መዝገቡን አምጣ አልኩት።

የጥበቃ መዝገብ እንዴት እንደሚሞላ ላታውቁ ትችላላችሁ። ተረኛው በየሰዓቱ ዙር ይወጣል፤ ይመለስና ሰዓቱንና ያየውን ይጽፋል። ምንም ከሌለ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። መዝገቡን ገለጥኩ። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሁሉም ሰላም ነው። 2 ሰዓት፣ ሁሉም ሰላም ነው። 3 ሰዓት፣ ሁሉም ሰላም ነው። ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። 4 ሰዓት፣ 5 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 7፣ 8፣ 9፤ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አጻጻፍ፣ ሁሉም ሰላም ነው። ገና ያልመጣ ሌሊት አስቀድሞ ሰላም ተብሎ ተጽፏል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ያው ሁልጊዜ ሰላም አይደል? ሌሊት እንዳልቸገር ብዬ ነው» አለኝ። መዋሸት እንኳን አልሞከረም። ጥፋት መሆኑ አልታየውም ነበር።

ወደ ኋላ ገልጬ የትናንቱን አየሁ። ሴትየዋ የተሰበረውን መስታወታቸውን እያዩ በቆሙበት ሰዓት ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል።

ልጆቼ፣ ግድየለሽ ጥበቃ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰው ነው። እኔ ያየሁት እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው ግድየለሽነት ዓይኑ እንደተከፈተ ነው። ሰውየው ቆሟል፣ ለብሷል፣ ይተነፍሳል። ግን ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ወስኗል። ትናንት ምንም አልነበረም፣ ዛሬም አይኖርም፤ ስለዚህ ለምን ልይ?

ለአንድ ወጣት ስለዚህ ሥራ ስነግር ሁልጊዜ ፍራንክ ዊልስን አነሳለሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1972 ሌሊት፣ ዋሽንግተን በሚገኘው የዋተርጌት ሕንፃ ተረኛ ጥበቃ ነበር። ዕድሜው 24። ዙር ላይ ሳለ ከመኪና ማቆሚያው በኩል ያለ በር ላይ የቁልፉ ምላስ እንዳይገባ ፕላስተር ተለጥፎበት አየ። ሠራተኞች የረሱት መሰለው። ልጦ ጣለውና አለፈ። እስከዚህ ድረስ ማንኛችንም ልናደርገው የምንችለው ነው። በኋላ ተመልሶ ያንኑ በር አየ። ፕላስተሩ እንደገና ተለጥፏል። አሁን ነገሩን አላቀለለውም፤ ፖሊስ ጠራ። የፕሬዚዳንቱ ተቀናቃኝ በሆነው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በድብቅ የገቡ 5 ሰዎች ተያዙ። ከዚያች ሌሊት የተነሣው ጉዳይ እያደገ ሄዶ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በነሐሴ 1974 ሥልጣን ለቀቁ። ዊልስ የጻፈባት የተረኛ መዝገብ ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጣለች። ዊልስ የሌሊቱን ገጽ በምሽት ሞልቶት ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ወደዚያ በር ለመመለስ ምን ምክንያት ይኖረው ነበር?

«ካሜራ አለ» የምትለዋንም ነገር ዝም ብዬ አላልፋትም። ቦስተን ውስጥ የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 18 ቀን 1990 ሌሊት የፖሊስ ልብስ የለበሱ 2 ሰዎች በሩን ደወሉ። ተረኛው ሊከፍት አይገባም ነበር፤ ከፈተ። ከዚያ በወሬ ይዘው ከጠረጴዛው አራቁት። የአደጋ ጊዜ ደወሉ ያለው ጠረጴዛው ላይ ነው። ሁለቱን ጥበቃዎች አስረው 81 ደቂቃ ውስጥ ቆዩ። 13 የጥበብ ሥራዎች ይዘው ወጡ፤ የሬምብራንትና የቬርሜር ሥዕሎች አሉበት። ሲወጡ የካሜራውን ካሴትም ወሰዱት። ሥዕሎቹ እስካሁን አልተገኙም፤ ባዶ ፍሬሞቹ እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ካሜራ በጣም ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ካሜራ እጅ የለውም። የደነገጠች ሴት ፊቱ ስትቆም «አይዞዎት» አይልም።

«እኔን አይመለከተኝም» ያለው ልጅ አንድ እውነት ነበረው። የተሰረቀውን የመክፈል ግዴታ የእሱ አይደለም። በሕግም፣ በውልም ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚወሰነው ከእሱ በላይ ነው። ግን ማን ይክፈል ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ማዳመጫውን ከሁለቱም ጆሮው አውጥቶ ይነሣ። «ተጎድተዋል?» ይበል። መኪናውን ማንም እንዳይነካው ያድርግ፣ ለኃላፊው በሬዲዮ ይንገር፣ ፖሊስ ይጠራ፣ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ያች ደብዳቤ ባልተጻፈች ነበር። ሰው የተሰረቀበትን ቀን ይረሳል። ሲሰረቅ ጀርባውን የሰጠውን ሰው ግን አይረሳም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ያን ምሽት ልጁን ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ከገጹ ግርጌ ያለውን ፊርማ አየሁት። የእኔ ነው። በየሳምንቱ መዝገቡን አይቻለሁ ብዬ የምፈርመው እኔ ነኝ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። የሦስት ወር ገጾች፣ ሁሉም በአንድ አጻጻፍ የተሞሉ፣ ሁሉም ሥር ፊርማዬ አለ። አንዱንም አላነበብኩም። እሱ ሳያይ ጻፈ፣ እኔ ሳላነብ ፈረምኩ።

«ትናንት ስንት ሰዓት ገባህ?» አልኩት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው የገባው። የቀን ተረኛው ታሞ ቀረ፤ ኃላፊው፣ ማለትም እኔ፣ ስልክ ደውዬ «እስከ ነገ ሸፍንልኝ» ብዬዋለሁ። ሴትየዋ ሲያናግሩት 15 ሰዓት ሥራ ላይ ቆይቷል። ከቤቱ የተነሣበትን ስትጨምሩበት ከዚያም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አንድ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በሥራ ላይ የሚያሳየው ድክመት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል። የጠጣ ሰው በር ላይ አላቆምም። ያልተኛ ሰው ግን አቁሜያለሁ።

ያን ሰሞን ማንበብ ጀመርኩ። ኖርማን ማክዎርዝ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የራዳር ተመልካቾች ለምን ምልክት እንደሚያመልጣቸው ሊያውቅ ፈለገ። ሰዎችን አንድ የሰዓት ቆጣሪ ፊት ለ2 ሰዓት አስቀመጠ። መርፌው አንድ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ግን ሁለት እርምጃ በአንዴ ይዘላል፤ እሱን ማየት ብቻ ነው ሥራቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ውጤት፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ ዝላዩ ያመልጣቸው ጀመር። ሰነፎች አልነበሩም። የሰው ትኩረት እንደዚያ ነው የተሠራው። ስለዚህ ጥበቃ የምትሆኑ ልጆች፣ አንድ ስክሪን ላይ ለረጅም ሰዓት አትፍጠጡ። ከባልደረባችሁ ጋር ቦታ ተቀያየሩ። ተነሥታችሁ ዙሩ፤ ዙሩንም አንዳንዴ ከኋላ ጀምሩት። ኃላፊ የምትሆኑ ደግሞ፣ ሰው ደክሞት «እችላለሁ» ቢላችሁ አትመኑት። እንጀራው ስለሆነ ነው እችላለሁ የሚለው።

ልጁን አላባረርኩትም። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ተቆጥቶኛል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ይገባውም ነበር። እኔም ለአለቃዬ የራሴን ጥፋት ጽፌ አስገባሁ። ድርብ ፈረቃ ማሸፈን አቆምን። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለታችን ሴትየዋ ዘንድ ሄድን። መንገድ ላይ «ምን ልበላቸው ጋሼ?» ሲለኝ፣ «ሰበብ አትደርድር፤ ያደረግከውን ብቻ ንገራቸው» አልኩት።

ነገራቸው። ደክሞኝ ነበር አላለም። ያን እኔ ነኝ የተናገርኩት። ሴትየዋ አዳመጡትና ለጊዜው ምንም አላሉም። ቆይተው «መኪናዬ የቆመችበትን ቦታ አይተኸዋል?» አሉት። አላየውም። ተነሥተው አብረውን መጡ።

ወደ ፓርኪንጉ ወረድን። ከፊት ሆነው መሩን። 14ኛው ምሰሶ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ወደ ላይ አመለከቱ። አምፖሉ ተቃጥሏል። ከሱ ሥር ሦስት መኪና የሚያቆም ቦታ ጨለማ ነው። ግንቡ ሥር የመስታወት ስብርባሪ ገና አለ። «ስገባ ገና በብርሃን ነበር፤ አላስተዋልኩትም» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ። መብራቱ መቼ እንደጠፋ ጠየቅኩት። አያውቅም። እኔም አላውቅም። መዝገቡ ሊነግረን አይችልም፤ ለሦስት ወር ሁሉም ሰላም ነበር።

ሴትየዋን እስከ በሩ ሸኘናቸው። ልጁ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰና መዝገቡን ከፈተ። አስቀድሞ የሞላቸውን ገጾች በአንድ መስመር ሰርዞ ፈርሞባቸው ነበር። አዲስ ገጽ አወጣ። ሰዓቱን አየ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20። ቀስ እያለ ጻፈ፦ «ከ14ኛው ምሰሶ በላይ ያለው መብራት አይሠራም።» ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ አዞረልኝ። አንብቤ ፈረምኩ።