ለትራቭል ቲም ከመክፈላችሁ በፊት

ልጃችሁ አሥር ዓመት ካለፈው ይህ ጥያቄ ቤታችሁ ገብቷል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ይሥራ? ለዴይኬር አድጓል። ብቻውን ቤት ይዋል እንዳትሉ ስልኩ አለ፣ ጌሙ አለ፣ እናንተም ሥራ ላይ ናችሁ። በዚህ መሀል አንድ ወዳጅ ይደውልና «የእኔ ልጅ እኮ ትራቭል ቲም ገባ» ይላል፤ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚጫወት የግል ክለብ ቡድን ማለት ነው። በሳምንቱ እኛም እዚያው ነን፣ ክሬዲት ካርድ ይዘን።

እስቲ ቆም እንበል። የምጽፈው ዲሲንና ዙሪያዋን፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ያሉበትን የሜሪላንዱን ሞንትጎመሪ ካውንቲን ይዤ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ በየካውንቲያችሁ ተመሳሳዩን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ጆሯችን የሚደርሰው ውዱ ነው። የግል ክለብ ማስታወቂያ አለው፣ ማሊያ አለው፣ ወሬው ሠርግ ላይም ልቅሶ ላይም ይነሳል። በታክሳችን የሚሠራው የካውንቲ፣ የትምህርት ቤትና የላይብረሪ ፕሮግራም ግን አሻሻጭ የለውም፤ እናንተው ናችሁ ሄዳችሁ መጠየቅ ያለባችሁ።

የትራቭል ሶከር ዓመታዊ ክፍያ በዚህ አካባቢ በቀላሉ ከሁለት ሺህ ዶላር ያልፋል። ማሊያው፣ ሆቴሉና ነዳጁ ለብቻ ነው። ልጁ የእውነት ጎበዝ ከሆነ፣ እሱም ከፈለገውና እናንተም ከቻላችሁ፣ ይሁን። ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ቆማችሁ ተመልከቱ። ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ያደረው አባት ታጣፊ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። እናትየው ቴርሞሷን ታቅፋ «መቼ ነው የሚያስገቡት?» ትላለች። ልጁ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የጫማውን ክር ይፈታል፣ ያስራል። ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለው ለዚያ ወንበር ነው። ኳስ መጫወት ብቻ ለሚፈልግ ልጅ ወላጆች በበጎ ፈቃድ የሚያሠለጥኑበት የሰፈር ሊግ አለ፤ ዋጋው ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ ልጁም ይሰለፋል።

ሃይስኩል ሲገባ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ቡድን አለ። ክሮስ ካንትሪ፣ ማለትም አገር አቋራጭ ሩጫ፣ ብዙ ቦታ የመጣውን ልጅ ሁሉ ይቀበላል፣ የሚያስፈልገው ጥሩ የመሮጫ ጫማ ነው። አሠልጣኙ ልጁ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲሰማ ፊቱ መብራቱ አይቀርም፤ ምስኪኑ ልጅ የኃይሌንና የቀነኒሳን ዕዳ ተሸክሞ ይጀምራል። መጨረሻ ቢወጣም ችግር እንደሌለው አስቀድማችሁ ንገሩት። እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ የሚሳሳተው ቀኑን ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የመኸር ወቅት ስፖርት ምርጫ የሚደረገው ትምህርት ሳይከፈት፣ ኦገስት አጋማሽ አካባቢ ነው። እኛ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነን። ልጁ ሲመለስ ቡድኑ ተመርጦ አልቋል፣ ሐኪም የሚፈርምበት የጤና ፎርምም አልተሞላም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን የስፖርት ካላንደር እዩ፣ የሐኪም ቀጠሮውንም ሳትሄዱ ጨርሱት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ሬክሪኤሽን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነዋሪዎች ሬክ አሲስት የሚባል ድጋፍ አለው፤ ተቀባይነት ካገኛችሁ በዚያ ገንዘብ ልጁን ዋና ወይም ስፖርት ታስመዘግባላችሁ። ዋይኤምሲኤ የሚባለው የስፖርትና የልጆች ማዕከልም እንደ ገቢያችሁ ዋጋ ይቀንሳል፣ ግን ካመለከታችሁ ነው። የእኛ ሰው ችግር ይሉኝታ ነው። «ለባሰበት ሰው ይሁን» እንላለን፣ ወይ ደግሞ ጠረጴዛው ጋ የምትሠራዋ ሐበሻ ናት፣ ወሬው ይወጣል ብለን ዝም እንላለን። ወገኖቼ፣ ባጀቱ ለዚሁ የተያዘ ነው። በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ የሚመጣውን የነፃና የቅናሽ ምሳ ፎርምም ልጁ «የካፍቴሪያውን ምግብ አልወደውም» ስላለ አትጣሉት። ለምሳ ሳይሆን ለደብዳቤው ሙሉት። የማጽደቂያው ደብዳቤ ብዙ ቦታ የገቢ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል፤ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሲደርስም ለኮሌጅ መግቢያ የሚሆነውን የኤስኤቲ ፈተና በነፃ ሊያስፈትነው ይችላል።

አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ዋና እላለሁ። እኛ ወላጆች አብዛኞቻችን አንችልም፣ ስለዚህ ልጆቻችንንም ከውኃ እናርቃለን፣ እነሱ ግን በየክረምቱ ጓደኛቸው ግቢ ገንዳ ይጠራሉ። የካውንቲ ገንዳ ትምህርት ርካሽ ነው፣ ግን ቶሎ ይሞላል፤ ምዝገባው በሚከፈትበት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ በሉ፣ አካውንቱንም ቀድማችሁ ክፈቱ። ደግሞ ይህ መልሶ የሚከፍል ነገር ነው። አሜሪካን ሬድ ክሮስ ላይፍጋርድ (የገንዳ ነፍስ አድን ጠባቂ) ለመሆን የሚጠይቀው ዕድሜ 15 ነው። በ11 ዓመቷ መዋኘት የጀመረች ልጅ በ15 ዓመቷ የክረምት ሥራ ታገኛለች፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 በታች ላሉ የሚያስፈልገው የሥራ ፈቃድም ኦንላይን የሚያልቅ ነው። ኳስ ለሚወድ ልጅ ደግሞ ዳኝነት አለ። ከ13 ዓመት ጀምሮ ኮርሱን ወስዶ የትንንሾቹን ጨዋታ መዳኘት ይችላል፣ በጨዋታ ይከፈለዋል። ሜዳ ዳር የሚጮሁ ወላጆችን መቻል ራሱ ትምህርት ነው። ዲሲ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ ከ14 ዓመት ጀምሮ ለክረምት ሥራ የሚቀጥረውን የማሪዮን ባሪ ፕሮግራም አትርሱ። ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፣ ምዝገባው ግን ክረምቱ ከመድረሱ ከወራት በፊት ስለሆነ ከገና በኋላ መከታተል ጀምሩ።

ስፖርት የማይወድ ልጅም አለ፤ አታስጨንቁት። ዲሲ መሀል ከተማ ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮና እንደ ስሪዲ ፕሪንተር ያሉ ማሽኖች ያሉበት ክፍል አለው፣ በነፃ። ሙዚቃ ለሚፈልግ ልጅ የግል አስተማሪ ከመቅጠራችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ባንድና ኦርኬስትራ ጠይቁ፤ መሣሪያ መከራየት ከከበዳችሁ ትምህርት ቤቱ የሚያውሰው እንዳለ ለአስተማሪው ጻፉለት። ፎር ኤች የሚባለው የልጆች ክበብ ደግሞ ስሙ የገበሬ ልጆች ማኅበር ይመስላል፣ አጀማመሩም ከእርሻ ነው፣ አሁን ግን ሮቦቲክስም ንግግር ማድረግም ያስተምራል። ሜሪላንድ ውስጥ የሚያስተዳድረው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ነው፣ ክፍያውም ትንሽ ነው። «ፓይለት እሆናለሁ» ለሚል ልጅ የአሜሪካ አየር ኃይል የበጎ ፈቃድ ረዳት የሆነው ሲቪል ኤር ፓትሮል ከ12 ዓመት ጀምሮ ካዴት ይቀበላል። ዩኒፎርም ይለብሳል፣ ሥነ ሥርዓት ይማራል፣ በትንሽ አውሮፕላንም ሳይከፍል ያበሩታል። ዜግነት የግድ አይደለም፣ ግሪን ካርድ ይበቃል።

የበጎ ፈቃድ ሰዓትን ብዙ ወላጅ የሚያስታውሰው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ሞንትጎመሪ ውስጥ ለመመረቅ 75 ሰዓት ያስፈልጋል፣ መቁጠር የሚጀመረው ግን አምስተኛ ክፍልን ከጨረሱበት ክረምት ነው። የዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች 100 ሰዓት ይጠይቃሉ። ሞንትጎመሪ ላይ ልብ በሉ፣ ቅዳሴ ማገልገልም ሆነ መዘመር አይቆጠርም፣ ሥራው ሃይማኖታዊ መሆን የለበትም። ልጁ ከመጀመሩ በፊት ድርጅቱ የተፈቀደለት መሆኑን ጠይቁ፣ ፎርሙንም በጊዜው አስፈርሙ።

ይህን ስል ልጆቹን ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም ከመስጊዱ አታስወጧቸው። ለብዙ ልጆቻችን ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የቀረበው ቦታ እሱ ነው፤ ከበሮውም፣ ክራሩም፣ ጓደኛውም እዚያ አለ። አማርኛ የሚያስተምሩ ከሆነ ደግሞ ልጁ «ምን ይጠቅመኛል?» ሲላችሁ መልስ አላችሁ። በአማርኛ የሚሰጥ የቋንቋ ፈተና አለ። ቨርጂኒያ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ ለሚያልፍ ተማሪ የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ይሰጣል፣ ሜሪላንድም ሁለት ቋንቋ ለሚችሉ ተመራቂዎች ዲፕሎማቸው ላይ የሚደረግ ማኅተም አላት። ፈተናው መጻፍና ማንበብም ይጠይቃል፣ ስለዚህ «እቤት እንናገራለን» አይበቃም፤ ፊደሉን ይቁጠር።

ለታክስ፦ ሁለታችሁም ሥራ ላይ ሆናችሁ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ልጃችሁን የቀን ካምፕ ከላካችሁ፣ ክፍያው ለልጅ መጠበቂያ ክሬዲት ሊያዝ ይችላል። የአዳር ካምፕ ግን አይያዝም። ደረሰኙን ያዙ፣ ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ራሳችሁ ንገሩት፣ ሁሉም አይጠይቅም።

እንግዲህ ነፃም ሆነ ርካሽ፣ ልጁን ማን ያደርሰዋል? ብዙ ጥሩ ፕሮግራም የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን አውቶቡስ ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለማንም ሰው ነፃ ነው። የ12 ዓመት ልጅ አውቶቡስ መሳፈር ይችላል፣ እኛ በዚያ ዕድሜ ታክሲ ተጋፍተን ስንሄድ ማንም አልሸኘንም። መጀመሪያ አንድ ሁለቴ አብራችሁት ሂዱ፣ የት እንደሚወርድ አሳዩት፣ ከዚያ ልቀቁት። መንገዱ ከራቀ ግን ከሌላ ወላጅ ጋር ተራ ግቡ። እሱ ሲወስድ እናንተ ትመልሳላችሁ። ፕሮግራም ስትመርጡም በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠይቁና ከሺፍታችሁ ጋር አስተያዩት፤ የማይገጥም ከሆነ ሳትመዘገቡ ሌላ ፈልጉ።