ስለ ቁርጭምጭሚትና ስለ እግር መገጣጠሚያዎች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (የነርሲንግ ተማሪ)፦ መምህር፣ ቁርጭምጭሚት አንድ መገጣጠሚያ ከሆነ እግራችን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ደግሞም ወደ ጎን የሚንቀሳቀሰው እንዴት ነው?

መልስ፦ ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ቁርጭምጭሚት የምንለው ቦታ የሚንቀሳቀሰው በሁለት መገጣጠሚያዎች ነው። በላይኛው፣ የቅልጥም አጥንትና ከጎኑ ያለው ቀጭን አጥንት ታለስ የተባለውን አጥንት ከግራና ከቀኝ ይዘውት፣ እግር ወደ ላይ 20፣ ወደ ታች ደግሞ 50 ዲግሪ ያህል ይንቀሳቀሳል። የታችኛው፣ ማለትም ሰብታላር፣ ታለስ በተረከዝ አጥንት ላይ የሚያርፍበት ሲሆን ውስጥ እግራችን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚዞረው በዋናነት በእርሱ ነው። ተቀምጠሽ ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢና ተረከዝሽን በእጅሽ ይዘሽ ግራና ቀኝ አዘንብዪው፤ ላይኛው መገጣጠሚያ ተቆልፎ ሳለ ተረከዙ ሲንቀሳቀስ ይሰማሻል።

በታለስ ላይ አንድም ጡንቻ አይጣበቅም፤ የሚንቀሳቀሰው ጎረቤቶቹ ሲገፉት ብቻ ነው። በአሜሪካ አይዋ ግዛት ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትን ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ማቃናት የቻሉት የእነዚህን አጥንቶች እንቅስቃሴ በጥልቀት ስለተረዱ ነው፦ የታለስን ራስ በአውራ ጣት ደግፎ የቀረውን እግር በዙሪያው ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ማዞር፣ ከዚያም በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ማጽናት። የሰብታላርን እንቅስቃሴ ያልተረዳ ሰው ይህን ሕክምና ሊረዳው አይችልም።

ጥያቄ፦ ትናንት ወለም ብሎኝ እግሬ አብጧል። ወጌሻ ቢያሸኝ ይሻላል?

መልስ፦ አይታሹ፣ አያስጎትቱ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ጎልቶ የሚዳሰሰው አጥንት የኋላ ጠርዙ ሲነካ ካመመዎት፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል አስቀድመው ራጅ ይነሱ።

ጥያቄ፦ ወለምታ ሁልጊዜ ከውጭ በኩል የሚሆነው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ ባይሆንም በአብዛኛው እንደዚያ ነው። የውጭው አጥንት ከውስጠኛው ይልቅ ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ እግር ወደ ውጭ እንዳይዞር ይከለክላል፤ በውስጥ በኩል ያለው ጅማትም እጅግ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ እግር በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይታጠፍና የውጭው ጅማት ይጎዳል። በተጨማሪም ታለስ ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ ስለሆነ ተረከዛችንን አንሥተን ስንረግጥ ጠባቡ ክፍል በሁለቱ አጥንቶች መካከል ይገባና መገጣጠሚያው ይላላል። ከዝላይ ሲያርፉ ወይም ቁልቁለት ሲወርዱ እግር የሚታጠፈው በዚህ ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ እግሬን ያመኛል፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በአንድ እግር 26 አጥንቶች አሉ። የትኛው ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ሲያደርጉ እንደሚያምዎት ካልነገሩኝ መልስ ልሰጥዎት አልችልም።

አንድ ተሳታፊ፦ ችግሩ ሁሉ ጫማ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነበር።

ሌላ ተሳታፊ፦ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከዚያ በፈጠነ ሰዓት አሸንፏል፤ ስለዚህ ማስረጃዎ አይቆምም።

መልስ፦ የአንድ ታላቅ አትሌት እግር ለሁላችንም መለኪያ አይሆንም። በጫማ ያደገ ሰው በባዶ እግር መሮጥ ከፈለገ የእግር ውስጥ ትናንሽ ጡንቻዎች እስኪጠነክሩ በጥቂቱ እየጨመረ ይለማመድ። ወደ መገጣጠሚያዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ለወለምታ በዘይት ማሸትስ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት። አዲስ ጉዳት አይታሽም።

ጥያቄ፦ ቁጢጥ ስል ተረከዜ ከመሬት ይነሣል። ለምን?

መልስ፦ ቁርጭምጭሚትዎ ወደ ላይ በበቂ ስለማይታጠፍ ሊሆን ይችላል። ጋስትሮክኒሚየስ የተባለው የባት ጡንቻ ከጉልበት በላይ ስለሚጀምር ጉልበት ሲታጠፍ ይላላል፤ ስለዚህ በዚህ አቀማመጥ የሚይዝዎት ከሥሩ ያለው ሶሊየስ የተባለው ጡንቻ ወይም መገጣጠሚያው ራሱ ነው። ከግድግዳ ፊት ቆመው ተረከዝዎ ሳይነሣ ጉልበትዎን ግድግዳው ላይ ያስነኩ፤ በሁለቱም እግር ከአውራ ጣትዎ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት ለክተው ልዩነቱን ይጻፉልኝ።