አድር-ቱ-ላይን የጥያቄ ምልክት ብቻ ሲመልስ

አድር-ቱ-ላይን ፕሮግራም ሲከሰከስ የተገኘን የሚሞሪ አድራሻ ወደ ኮዱ ፋይል ስምና መስመር ቁጥር የሚቀይር መሣሪያ ነው። በፋይል ስምና በመስመር ቁጥር ፋንታ ሁለት የጥያቄ ምልክትና ዜሮ የመጣልህ፣ ብዙውን ጊዜ አድራሻውን መነሻውን (ፕሮግራሙ ሚሞሪ ላይ መጫን የጀመረበትን አድራሻ) ሳትቀንስ እንዳለ ስለሰጠኸው ነው። የዛሬ የሊኑክስ ኮምፓይለሮች በአብዛኛው የሚያወጡት ፕሮግራም ሚሞሪ ላይ የትም ሊጫን ይችላል። አድር-ቱ-ላይን የሚያውቀው ግን ፋይሉ ውስጥ ያለውን አድራሻ ብቻ ነው።

1. ጂዲቢ (ስህተት መፈለጊያው ፕሮግራም) ውስጥ ፕሮግራምህ እንደቆመ "ኢንፎ ፕሮክ ማፒንግስ" በል። የፕሮግራምህ ስም ካለባቸው መስመሮች የመጀመሪያው፣ በግራ በኩል ያለው ቁጥር መነሻው ነው።

2. ከያዝከው አድራሻ ላይ መነሻውን ቀንስ። 555555555139 ሲቀነስ 555555554000፣ 1139 ይቀርሃል። ሁሉም ሄክሳዴሲማል (በ16 መሠረት የሚቆጠሩ) ስለሆኑ ካልኩሌተሩን ወደዚያ ቀይረው።

3. 1139ን ከፕሮግራሙ ፋይል ጋር ለአድር-ቱ-ላይን ስጠው። "ዳሽ ኤፍ" ብትጨምርበት የፋንክሽኑንም ስም ይነግርሃል።

አድራሻው የላይብረሪ ከሆነ መነሻውም ፋይሉም የላይብረሪው መሆን አለበት። ስትኮምፓይል "ዳሽ ጂ" ካላስገባህ ደግሞ የመስመር ቁጥር አትጠብቅ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የተከሰከሰውን ያንኑ ፋይል ተጠቀም። እኔ አንዴ ከሰርቨር የመጣ አድራሻ ይዤ፣ ሎግ ከመጻፍ ሌላ ሥራ የሌላትን ምስኪን መስመር ግማሽ ቀን ስመረምር ዋልኩ። ለካ እኔ ማሽን ላይ ያለው፣ ሁለት መስመር ጨምሬበት እንደገና የኮምፓይልኩት ነበር! አሁን መጀመሪያ በሁለቱም ፋይሎች ላይ "ሪድኤልፍ ዳሽ ኤን" ብዬ የቢልድ አይዲያቸውን (ፋይሉ ሲሠራ የሚሰጠውን መለያ) አስተያያለሁ። ካልገጠመ አድር-ቱ-ላይንን አልነካውም።