ስድስት ኪሎ ውረዱ፦ አዲስ አበባን ስለ መጎብኘት የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

እንግዳ ይዤ አዲስ አበባን ስዞር ዓመታት ሆነኝ። መስከረም ሲጠባ ዘመድ ከውጭ ይመጣል፣ ከክፍለ ሀገርም ይመጣል፣ የእኔም ስልክ አያርፍም። ዘንድሮ «የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። የጠየቃችሁኝን ከነመልሱ እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ ሁለት ልጆች ይዤ እመጣለሁ፤ አንዱ 9 አንዷ 12 ዓመቷ ነው። ያለን አራት ቀን ነው። ከየት እንጀምር?

ከስድስት ኪሎ፣ እህቴ። አንዱን ቀን ሙሉ ስጪው። እንግዳ ሲመጣ መኪና ውስጥ ከተን ከእንጦጦ ቦሌ፣ ከቦሌ ፒያሳ እናንከራትታለን። ማታ ልጆቹን «ምን አያችሁ?» ብትያቸው የሚነግሩሽ ስለ ትራፊክ መጨናነቅ ነው። ስድስት ኪሎ ግን ሁሉም ነገር በእግር ይደረሳል።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዩኒቨርሲቲው በር ድረሱ። ፍተሻ ስላለ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ያዙ። ግቢው የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ባለሥልጣናት የተገደሉት እዚህ ነው። በዓመቱ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለበት። ዕቃው የተደረደረው በብሔር ወይም በዘመን ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ልጆችሽ ይኼን ወዲያው ይይዙታል።

የንጉሡ መኝታ ቤት እንደነበረ አለ። አልጋውን ሁሉም ያያል፣ ፎቶም ያነሳል። መስታወቱ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ ግን ይዣቸው ከገባሁት ብዙዎቹ ሳያዩት ነው የሚወጡት። ልጆቹን «ቀዳዳ ፈልጉ» ብለሽ አስገቢያቸው፤ የቀረውን ተይላቸው።

ስትወጡ ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደየትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣልያን የሠራው ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ፋሺስቶች በሥልጣን የቆዩበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ጣልያን ሲባረር አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት፣ አለቀ። እኔ ከከተማው ሐውልት ሁሉ ይቺን እወዳለሁ።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። ከግቢ ወጥታችሁ አደባባዩ ላይ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ስታዩ ልጆቹ «ይኼ ምንድን ነው?» አይሉም፤ ገብቷቸዋል።

አንበሳ ግቢ ሄጄ አንበሶቹ ተጋድመው፣ ዞር እንኳ ሳይሉ መጣሁ። ደግሞ «የኛ አንበሳ ልዩ ነው» ይባላል። እውነት ነው ወይስ ጉራ?

ስንት ሰዓት ነው የሄድከው? ስምንት ሰዓት ላይ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ ነው። አንበሳ ከ24 ሰዓት ውስጥ 20ውን ያህል ቢተኛ አይገርምም። በማለዳ ሂድ፤ በተለይ ብርድ ባለበት ቀን ይነቃሉ። እኔ ተማሪ ሆኜ ስድስት ኪሎ አካባቢ ተከራይቼ ነበር። ሊነጋ ሲል ድምፃቸው ይመጣል። ግሳት አይደለም፣ እንደ ከባድ ሣጥን መጎተት ያለ ነገር ነው፤ ደረት ውስጥ ነው የሚሰማህ። የመጀመሪያ ቀን ከአልጋ ወርጃለሁ፣ በሳምንቱ ለምጄዋለሁ።

ልዩነቱ ጉራ አይደለም። ግቢውን ጃንሆይ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው ያቋቋሙት፤ የዛሬዎቹ የእነዚያ ዘሮች ናቸው። በ2005 የወጣ የዘረመል ጥናት ከግቢው 20 አንበሶች የ15ቱን መርምሮ ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ወንዱን ከጎኑ ሆነህ እየው። ጥቁሩ ጎፈር አንገቱ ላይ አያቆምም፤ በደረቱ ወርዶ ሆዱ ሥር ይደርሳል።

ቅሬታ ካልከኝ፣ ግቢው የተሠራው «አንበሳ ይታይ» በሚባልበት ዘመን አስተሳሰብ ነው፣ «አንበሳ ይኑር» በሚለው አይደለም። ልጅ ይዘህ ከሄድክ ይኼንንም አውራው።

ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ሉሲ እውነተኛዋ ናት?

በአብዛኛው ቅጂዋን ነው የምታዩት። እውነተኛው አጥንት ተቆልፎ ይቀመጣል። ይኼን ስነግራቸው የሚከፉ አሉ፤ አትክፉ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ አጥንት በየቀኑ መብራት አይበራበትም። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ሐዳር ላይ ነው፣ ከአፅሟ 40 በመቶ የሚያህለው ተገኝቷል። ቁመቷን ልብ በሉ፤ አንድ ሜትር ከትንሽ ነገር ናት።

እዚያው ዲኪካ የተገኘችውን ሕፃን፣ ሰላምን፣ እንዳታልፏት። «የሉሲ ልጅ» ይሏታል። ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ነው፤ ልጂቱ እናቲቱን በመቶ ሺህ ዓመት ትበልጣለች ማለት ነው።

ቦታው አምስት ኪሎ ነው፤ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ላይኛው ፎቅ ሥዕል አለ፤ ብዙ ሰው ሉሲን አይቶ ስለሚወጣ እዚያ ፎቅ ላይ ከዘበኛው ጋር ብቻችሁን ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከአዳማ እናቴን ይዤ አንድነት ፓርክ ልሄድ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ትችለዋለች?

ግማሽ ቀን ይበላል፣ ዳገት ቁልቁለትም አለው። ሁሉንም አሳያታለሁ ብለህ አታድክማት። ከ2012 ጀምሮ ለሕዝብ የተከፈተ የምኒልክ ግቢ ነውና ቅድሚያ ለቤቶቹ ስጥ። የግብር አዳራሹ ውስጥ ቁጭ አድርጋት፤ ሺዎች በአንድ ጊዜ ይበሉበት የነበረ ቤት ነው፣ ጣሪያውን እያየች ትረፍ። እንቁላል ቤትን ከውጭ ብታየውም ይበቃታል። አራዊቱን አንተ ልጆች ካሉህ ይዘህ ዙር።

አንድ ነገር አስቀድመህ ንገራት፤ ከዙፋን ቤቱ ሥር ደርግ ባለሥልጣናትን ያሰረበት ምድር ቤት አለ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60ዎቹ ሲረሸኑ ከዚያ የተወሰዱ ነበሩ። በእናትህ ዕድሜ ያለ ሰው እዚያ ሲገባ ዝም ይላል። አንዳንዴም ያለቅሳል። ቀኑን ያስተዋለ አለ? ድንቅነሽ የተገኘችው በማግስቱ ነው። እኔ ይኼን ያየሁት ሁለቱን ቦታ ስንት ዓመት ካስጎበኘሁ በኋላ ነው።

ኪሴ ባዶ ነው፣ ተማሪ ነኝ። የሚታይ ነገር አለ?

ሞልቷል። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም መግቢያ አያስከፍልም፤ የቻልከውን ሣጥን ውስጥ ትጥላለህ። ብቻህን ግን አትሂድ፣ ከበድ ይላል። ከዚያ ስትወጣ የሚያወራህ ሰው ያስፈልግሃል።

ቀለል ያለ ከፈለግክ ስድስት ኪሎ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ግባ። ሠዓሊውም ገጣሚውም ገብረ ክርስቶስ በስደት አሜሪካ ነው የሞተው፤ ብዙ ሥዕሎቹ ዓመታት ጀርመን ቆይተው ነው አገር የገቡት። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች የዓመቱ መጨረሻ ላይ የሚያሳዩትንም ጠብቅ። የነገዎቹን ስመ ጥሮች ዛሬ በነፃ ታያለህ፣ እነሱም ከጎን ቆመው ያወሩሃል።

ከስቶክሆልም ነኝ። ሥዕል ገዝቼ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ኤርፖርት ይይዙብኛል?

አዲስ ሥዕል ከሆነ ደረሰኝ ያዝ። ችግሩ አሮጌ ነገር ላይ ነው፤ የብራና መጽሐፍ፣ የድሮ መስቀል፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል። ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም። «የ300 ዓመት ነው» ብሎ ሹክ የሚልህ ሻጭ ወይ ይዋሻል ወይ ሌባ ነው፤ ሁለቱም አይጠቅምህም።

ቦሌ ያለውን የማኩሽ ሥዕል ጋለሪ እይ፣ ከዚያ ግን ግማሽ ቀን ለዞማ ሙዚየም ስጥ። መካኒሳ ነው። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ የሠሩት፣ በ2011 የተከፈተ ነው። ግድግዳውን በእጅህ ዳስሰው። አያትህ ቤት ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እነሱ ግን እንደ ጥልፍ ሠርተውታል። ኤልያስ ራሱ በዓለም የታወቀው በኤሌክትሪክ ሽቦና በተጣለ የኮምፒውተር ዕቃ በሚሠራቸው ሥዕሎች ነው።

እንጦጦ ፓርክ ወይስ ወዳጅነት?

ልጆች ካሉ፣ ብስክሌትና ፈረስ ከፈለጋችሁ እንጦጦ። ጃኬት ያዙ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። እንጦጦ ማርያምንም እዚያው ተሳለሙ፤ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያ ነው፣ በ1882። ማታ ፈታ ለማለት ከሆነ ወዳጅነት።

ልጄ፣ እኔ የምፈልገው አፍሪካ አዳራሽን ነው። በወጣትነቴ በውጭ አልፌበታለሁ፣ ገብቼ ግን አላውቅም።

አባቴ፣ እርስዎስ መግባት አለብዎት። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፤ ቀድሞ ቀጠሮ ይያዛል፣ መታወቂያም ይዘው ይሂዱ። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። እድሳቱ አልቆ በ2017 ተከፍቷል። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ነው የሣለው። ፀሐይ ባለበት ቀን ይሂዱ፤ ቀለሙ ወለሉ ላይ ይወርዳል።

ድሮን ላምጣ?

አታምጣ። ያለ ፈቃድ ኤርፖርት ላይ ይቀራል።

እኔ ነኝ፣ የዲሲዋ። ልጆቼ ያንን የጥይት ቀዳዳ ካገኙ ምን ትሸልማቸዋለህ?

አምስት ኪሎ ላይ አንዳንድ ስፕሪስ፣ በእኔ። ቀድሞ ያገኘው አቮካዶው እንዲበዛለት ይደረጋል።