ስለ መጥፎ ሽታ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ጥያቄና መልስ

ከአቃቂ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር የምንኖር የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች በአቅራቢያችን ላለ አንድ የቆዳ ፋብሪካ የአቤቱታ ደብዳቤ ልንጽፍ ነው። ሥራ አስኪያጁ አማርኛ ስለማያነብ በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ፤ ወዲያው "ግማቱን ምን ብለን እንጻፈው?" የሚል ክርክር ተነሳ። እንግሊዝኛ ስለማስተምርና የትርጉም ሥራም ስለምሠራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ አልኩ። ጥያቄው ከደብዳቤው አልፎ ጓዳ ድረስ ገባ።

ጥያቄ፦ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምሠራው። ክፍሉን አጽድቼ፣ ዕጣን አጭሼ ለእንግዳዋ "ዘ ሩም ስሜልስ" አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ "ስሜል" ስም ሲሆን ለመልካሙም ለክፉውም ያገለግላል። ግስ ሆኖ ብቻውን ሲቆም ግን ወቀሳ ነው። እኛም እኮ "ክፍሉ ይሸታል" ሲሉን መስኮት ለመክፈት ነው የምንሮጠው። ስለዚህ ቅጽል አስከትይለት፤ "ስሜልስ ናይስ" ወይም "ስሜልስ ፍሬሽ" በይ። የዕጣኑን መዓዛ በስም ለመጥራት "ፍሬግራንስ" ወይም "ሴንት" ይሻላል።

ጥያቄ፦ "ስቲንክ"፣ "ስቴንች"፣ "ሪክ" ሁሉም ግማት አይደሉም እንዴ? አንዱን መርጠን ብንጽፍስ?

መልስ፦ ግማትስ ግማት ናቸው፤ አገባባቸው ነው የሚለየው። "ስቲንክ" ግስም ስምም ይሆናል፣ ኃላፊ ጊዜው "ስታንክ" ነው። የሰፈር ወሬ ቃል ስለሆነ ለደብዳቤ አይመጥንም። "ስቴንች" ከሱ ይከፋል፤ ሆድ የሚያገለብጥ ግማት ነው። ግን ስም ብቻ ነው፤ ብዙ ተማሪዎቼ "ዘ ሪቨር ስቴንችስ" ብለው ይጽፋሉ፣ እንደዚያ አይባልም። "ሪክ" ደግሞ ሰርጾ የቀረ ሽታ ነው፤ ሲጋራ የገባበት ኮት፣ አረቄ አረቄ የሚል ሰው። "ኦፍ" ያስከትላል። የጥንት ትርጉሙ ጭስ ነበር፤ የስኮትላንዷ ኤዲንብራ "ኦልድ ሪኪ" የተባለችው ከጭስ ማውጫዎቿ ብዛት ነው። ዛሬ እነሱም እንደኛ "ጉዳዩ ሙስና ሙስና ይሸታል" ለማለት ይህንኑ "ሪክ" ይጠቀሙበታል።

ለደብዳቤያችን የእኔ ምርጫ "ፋውል ኦደር" ነው፤ መጥፎ ሽታ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ "ኦደር" አልለሰለሰም? ልጆቻችን እራታቸውን መብላት አቅቷቸው እኛ በጨዋ ቃል እንለምን? እኔ "ስቴንች" ይግባ ባይ ነኝ። (የብሎካችን አዛውንት)

መልስ፦ ጋሼ፣ ንዴትዎ ይገባኛል። ግን "ስቴንች" የሚለውን ያነበበ ኃላፊ "ሰደቡን" ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። "የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ፣ በቦዩ በኩል" የሚለውን ግን የፋብሪካው ኬሚስት በቀላሉ አይክደውም። የቆዳ ፋብሪካ ፀጉሩን ከቆዳው የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ያ ፍሳሽ አሲድ ካለበት ፍሳሽ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። "ሮተን ኤግስ" ብለን ስንጽፍ ሁለቱ ፍሳሾች የት እንደሚቀላቀሉ ሄደው እንዲያዩ እየነገርናቸው ነው። ሽታው የጥሬ ቆዳ፣ የሥጋ መበስበስ ከሆነ ደግሞ "ሮቲንግ ሃይድስ" ብለን ለይተን እንጻፍ፤ ያኛው ጥሬ ቆዳው እንዳይበሰብስ የሚደረግበት የጨውና የክምችቱ ጉዳይ ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። የኛ ምሽት 2 ሰዓት በነሱ 8 ነው። 2 ብላችሁ ከላካችሁ ሌሊቱን መጥተው ምንም ሳይሸታቸው ይመለሳሉ።

ከቃል ወጣ ልበልና፣ ይህ ጋዝ አፍንጫን ያደነዝዛል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 100 እጅ ገደማ ሲደርስ ማሽተት ያቆማል። የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ "አሁንስ ሽታው ጠፋ" የሚል ሰው ወዲያው መውጣት አለበት፤ ሊያወጣው ብሎ ተከትሎት የሚገባም አይኑር።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። "ፑትሪድ"፣ "ፌቲድ"፣ "ራንክ"፣ "ማሎደረስ" ሁሉንም ልሸምድድ?

መልስ፦ "ፑትሪድ" የሥጋ መበስበስ ነው፣ ጥንብ። "ፌቲድ" የታመቀና የቆየ ግማት ነው፤ የረጋ ውሃ፣ አየር የማይገባበት ክፍል። ሁለቱን ያዝ። "ራንክ" ከግማት ሌላ ደረጃ ማለትም ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን አንብበህ ለየው። "ማሎደረስ" መጥፎ ሽታ ያለው ማለት ነው፣ ግን ሰው አፍ ላይ ሰምቼው አላውቅም፤ ለፈተና ካልሆነ እርሳው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቅቤ ነጋዴ ነኝ። አንዲት የውጭ አገር ሴት በሳሉን ቅቤ አሸተተችና "ራንሲድ" አለችኝ። አድንቃኝ ነው?

መልስ፦ አይ እማማ፣ አላደነቀችዎትም። "ራንሲድ" ለቅባት ነገር ብቻ የሚባል ነው፤ ዘይት፣ ቅቤ፣ ለውዝ ሲበላሽ። ቅቤ ሲከርም ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይለቃል፣ ያ ኃይለኛ ሽታ ከሱ ነው። እነሱ ያን ሽታ የሚያውቁት ከሚጣል ቅቤ ነው፤ እኛ ደግሞ ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል ብለን እየለየን የምንገዛው ሰዎች ነን። ለወጥ በሳሉን የሚፈልግ ደንበኛ ለጋ ቢሰጡት ይቀየምዎታል። ለሷ "ኤጅድ በተር" ይበሏት፤ አይብ ሲያስከርሙ የሚሉት ቃል ስለሆነ ይገባታል። እንዲያም ሆኖ ላትገዛ ትችላለች፣ ለጋውን ያቅርቡላት።

ጥያቄ፦ በርበሬ ሲታመስ የሚያስነጥሰን "ፓንጀንት" ነው "አክሪድ"?

መልስ፦ "ፓንጀንት"። የሚሰነፍጥ ማለት ነው፤ ስድብም አይደለም፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰናፍጭም ይባሉበታል። በርበሬው ካረረ ግን "አክሪድ" ይሆናል፤ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ። ጎማና ፌስታል ሲቃጠል ደግሞ ያለ ጥርጥር "አክሪድ" ነው።

ጥያቄ፦ "መስቲ" እና "ሞልዲ"?

መልስ፦ ተዘግቶ የከረመ ቤት፣ ሳጥን ውስጥ የቆየ ጋቢ "መስቲ" ነው። ሻጋታው በዓይን ከታየ "ሞልዲ"።

ጥያቄ፦ አከራዬ የውጭ ዜጋ ነው። የጋዝ ሲሊንደሩ ሲያፈስ ምን ብዬ ልደውልለት?

መልስ፦ "አይ ስሜል ጋዝ" በቂ ነው፣ ቅጽል አትፈልግለት። ግን መጀመሪያ ቫልቩን ዝጋ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ መብራት አታብራ አታጥፋ፣ ከዚያ ከቤት ወጥተህ ደውል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ራሱ ሽታ የለውም፤ የምታሸተው ሆን ተብሎ የተጨመረበትን ሜርካፕታን የሚባል የሚገማ ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በቴክሳስ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ ሽታ የሌለው ጋዝ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠራቅሞ ፈንድቶ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ልጆች። ቴክሳስ ጋዝ ላይ ሽታ እንዲጨመር በሕግ ያስገደደችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ፈረንጅ አገር ግማት የለም፤ ይህን ሁሉ ቃል ከየት አመጡት?

መልስ፦ ማን ነገረህ? እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ ለንደን ውስጥ ቴምስ ወንዝ የከተማውን ዓይነ ምድር ተሸክሞ በሙቀቱ ገማ። ዘመኑን ራሱ "ዘ ግሬት ስቲንክ" ብለው ሰይመውታል። የምክር ቤቱ መስኮት ወንዙ ላይ ስለሆነ መጋረጃውን ክሎራይድ ኦፍ ላይም በሚባል የክሎሪን ማጽጃ እየነከሩ ሰቀሉት፣ አልሆነም። ለዓመታት ሲጓተት የነበረው የፍሳሽ መስመር ገንዘብ ያኔ ተፈቀደ፤ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዝልጄት ዛሬም የሚሠራ የመሬት ውስጥ ቦይ ዘረጋ። ሽታው አፍንጫቸው ሥር እስኪደርስ ነበር የጠበቁት። የኛ ፋብሪካ ቢሮ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ብብቱ ይሸታል። በእንግሊዝኛ በጨዋነት እንዴት ይባላል?

መልስ፦ "ቦዲ ኦደር"፣ ሲያሳጥሩት "ቢ ኦ"። ለራሱ ለመንገር ከሆነ ለብቻው ወስደህ በአማርኛ ንገረው።

ጥያቄ፦ "ኦደር" ሲጻፍ "ዩ" አለው የለውም?

መልስ፦ በእንግሊዝ አጻጻፍ አለው፣ በአሜሪካ የለውም። ረቂቁ ላይ አንዱ ገጽ በዩ ሌላው ያለ ዩ ሆኖ አይቻለሁ፤ በዩ አስተካክዬዋለሁ። የሚፈርም ሰው ዓርብ ማታ ብሎክ 14 ሥር ይምጣ።