ሾርትስቶፕ ላይ ኳሷ በእግሬ መሃል ታልፋለች

ጥያቄ፦ ቤዝቦል እጫወታለሁ። አሰልጣኛችን ከሁለተኛ ቤዝ አንስቶ ሾርትስቶፕ አደረገኝ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል ማለት ነው። መሬት ለመሬት የምትመጣው ኳስ ወይ በእግሬ መሃል ታልፋለች፣ ወይ ይዤ ስወረውራት መቺው ሮጦ ከገባ በኋላ አንደኛ ቤዝ ዘግይታ ትደርሳለች። ፍጥነት ስለሌለኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፍጥነቱን ለጊዜው ተወው። የአሜሪካው ባልቲሞር ቡድን ቤዝቦል ተጫዋች የነበረው ካል ሪፕከን ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነበር፤ በሯጭነትም አይታወቅም። ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ሾርትስቶፕ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የሠራው ስህተት 3 ብቻ ነው። መቺውንም ወርዋሪውንም አጥንቶ ኳሷ የምትመጣበት ቦታ ቀድሞ ይቆም ነበር።

እኔ ልጆች ሳሰለጥን መጀመሪያ የማየው እግር ነው። ወርዋሪው ኳሷን ሲለቅ ተረከዝህ ላይ ከቆምክ አለቀልህ። ትንሽ ወደፊት ተራመድ። ዱላው ኳሷን ሊነካ ሲል ሁለቱም እግሮችህ መሬት ይርገጡ፤ ክብደትህ ወደ ጣቶችህ ያዘንብል፣ ጉልበትህ ይታጠፍ።

ከዚያ ጓንቱ። ቀድመህ መሬት አስነካው። ኳሷ ከነጠረች ከታች ወደ ላይ ትከተላታለህ። ከላይ ወደ ታች ለማውረድ ከሞከርክ ግን አትደርስባትም፤ በእግርህ መሃል የምታልፈውም ለዚህ ነው። ጓንቱን ከእግሮችህ ፊት ዘርጋው፣ ኳሷ ስትገባ በዓይንህ እያት። በደንብ ካጎነበስክ መቺው የኮፍያህን አናት ያያል።

ቆመህም አትጠብቃት፣ ሂድባት። ልክ ከመሬት ስትነሳ ወይም ነጥራ ጫፍ ላይ ስትደርስ ለመያዝ ትቀላለች። አስቸጋሪዋ በሁለቱ መሃል ያለችው ናት። እርምጃህን የምታስተካክለው ከእሷ ለማምለጥ ነው።

መዘግየቱ ደግሞ የቦታው ጉዳይ ነው። ሁለተኛ ቤዝ ላይ ውርወራው አጭር ስለሆነ ቆመህም ይሆንልህ ነበር። ከሾርትስቶፕ ግን ይረዝማል። ቀኝ እጅህ ከሆነ የምትወረውርበት፣ ኳሷን እንደያዝክ ቀኝ እግርህን በግራው ፊት አሳልፍ፣ ግራ ትከሻህን ወደ አንደኛ ቤዝ አዙር፣ ከዚያ ልቀቃት። ክንድህን ብቻ አታድክም። ግራኝ ከሆንክ ግን አሰልጣኝህን አንደኛ ቤዝ እንዲሰጥህ ጠይቀው፤ ከሾርትስቶፕ ለመወርወር ሰውነትህን እስክታዞር ሯጩ ይገባል።

ለብቻህ ስትሆን የቴኒስ ኳስ ግድግዳ ላይ እየወረወርክ ያለ ጓንት ያዝ። በባዶ እጅ ሲሆን ሁለቱንም እጅ ማምጣት ግድ ይሆንብሃል።